በቧንቧ የተዳረች

የትነበርሽን ያጋባት ቧንቧ ነው። ሽማግሌዎቹ ከጎንደር ተነስተው ከኮሶዬ በላይ ወዳለው ወደ አባቷ ቤት በመጡ ጊዜ ዳኛው ስለሚባለው ሙሽራ ብዙ ተናገሩ። ጠባዩን አነሱ፣ ዘሩን ቆጠሩ፣ ፒያሳ ላይ የልብስ ስፌት ቤት እንዳለው ተናገሩ። እናቷ ይህን ሁሉ ፊቷን ሳትፈታ ሰማች። በመጨረሻ አንደኛው ሽማግሌ፣ "ውሃው ደግሞ ግቢው ውስጥ ነው። ጠምዘዝ ማድረግ ብቻ ነው" አለ። ያን ጊዜ ነገሩ አለቀ። ዕድሜዋን ሙሉ እንስራ ተሸክማ ወገቧ የጎበጠ ሴት እንዲህ ያለ ቃል ሰምታ እንዴት አድርጋ እምቢ ትበል? የትነበርሽም ጓዳ ሆና ሰማች። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ሙሽራውን ሳታየው ቧንቧውን ወደደችው።

ምክንያት ነበራት። የአገሯ ሰዎች የሚቀዱት ጽድ ውሃ ከሚባል ምንጭ ነው። ምንጩ በትልልቅ ጽዶች ሥር ይፈልቃል፤ ውሃው ጥርስ ያደነዝዛል፣ ጣዕሙም ሸጋ ነው። ግን እስከዚያ ድረስ ቁልቁለት ነው፣ ሲመለሱ ዳገት ነው፣ ዳገቱን የሚወጡት ደግሞ እንስራው ሞልቶ ነው። ቁልቁለቱን ባዶ እንስራ፣ ዳገቱን ሙሉ እንስራ እንዲያዝ ያደረገውን ፈጣሪ የትነበርሽ በልጅነቷ ብዙ ጊዜ ታዝባዋለች። ታላቅ ወንድሟ አዳነ አልፎ አልፎ ሰው ሳያይ ዳገቱ አጋማሽ ድረስ መጥቶ እንስራውን ይቀበላት ነበር። ወንድ ልጅ ውሃ ሲሸከም ከታየ መሳለቂያ ነውና፣ ቤቱ ሲቃረብ መልሶ ጀርባዋ ላይ ያደርግላታል። የዚያን ጊዜ ውለታውን እስከ ዛሬ አትረሳውም።

ከተማ የገባች ሰሞን የቧንቧውን ነገር ጎረቤት ሁሉ አወቀባት። ሥራ ኖራትም አልኖራትም ወጥታ ትከፍተዋለች፣ ሲወርድ ታየዋለች፣ ትዘጋዋለች። ዳኛው፣ "ያገባሽው እኔን ነው ወይስ እሱን?" እያለ ይቀልድባት ነበር። እሷም አፍራ ትስቃለች፤ ማታ ግን እንደገና ወጥታ ጠብታ እንዳይኖረው አጥብቃ ትዘጋዋለች። የምትወደውን ነገር እንዲህ የምትጠነቀቅ ሴት ናት።

ቧንቧው ግን እንደ ሙሽርነቱ አልዘለቀም። መጀመሪያ ቀን ቀን ጠፋና ማታ ማታ ይመጣ ጀመር። ቀጥሎ ማታውም ቀረና ፈረቃ የሚባል ነገር መጣ፤ ይህ ሰፈር በዚህ ሳምንት፣ ያ ሰፈር በዚያ ሳምንት ተባለ። በመጨረሻ ፈረቃውም ራሱ የሚመጣበት የራሱ ፈረቃ ያለው ይመስል ሲፈልግ መጣ፣ ሲፈልግ ቀረ። አሁን ቧንቧውን ስትከፍተው የሚወጣው ነፋስ ነው። ፉጨት ያሰማል፣ ያስነጥሳል፣ ዝም ይላል። የሚያናድደው ደግሞ ቆጣሪው በነፋሱ መዞሩ ነው። የትነበርሽ ቆጣሪውን ለሚያነበው ሰውዬ፣ "ወንድሜ፣ የነፋስ ነው የምታስከፍሉን?" ብላ ጠይቃው ታውቃለች። እሱም ቆጣሪው ላይ ያለውን ብቻ እንደሚያነብ ነገራት። መልሱ ልክ ነው፤ ልክ በመሆኑ ይብስ አቃጠላት።

ከተማው እኮ አላነሰም። ሽቅብም ቁልቁልም አደገ። ከታች መንገዱ ሰፋ፣ የእግረኛው ጥርብ ድንጋይ አማረ፣ ማታ ማታ መብራቱ ሲበራ ሙሽራ ይመስላል። የትነበርሽ መንገዱን አትጠላውም፤ እሁድ ነጠላዋን ለብሳ ስትሄድበት ደስ ይላታል። ግን በየሰፈሩ ፎቅ ሲበቅል፣ በየፎቁ ስንት መታጠቢያ ቤት እንዳለ ስታስበው፣ ያ ሁሉ ሰው ከየት ሊጠጣ ነው ትላለች። ይህን ለዳኛው ስትነግረው መልሱ አንድ ነው። "ይመጣል" ይላል። ውሃ ሲጠፋ ይመጣል፣ መብራት ሲጠፋ ይመጣል፣ ክር ሲወደድበት እንኳን ይመጣል የሚል ሰው ነው። በዚህች በአንዲት ቃል የተነሳ ስንት ጊዜ እንደተጣሉ ሰፈሩ ያውቃል።

የዚህ ዓመቱ ጣጣ የጀመረው በጽዋ ነው። የትነበርሽ የማርያም ማኅበርተኛ ናት። የሰፈሩ ሴቶች ወር በገባ በሃያ አንድ በየተራ ይደግሳሉ፤ ጸሎት ይደረጋል፣ ሲያበቃ ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ለቀጣይዋ ይሰጣል። የተቀበለች ሴት ምንም ቢመጣ ትደግሳለች። ቤቷ ሰው ቢሞት እንኳን ማኅበርተኞቹ መጥተው ይደግሱላታል እንጂ ማርያም አትታለፍም። በደህና አገር "ውሃ አጣሁ" ብላ ጽዋ ያሳለፈች ሴት ተሰምታ አታውቅም፤ የትነበርሽም የመጀመሪያዋ ልትሆን አልፈለገችም። የእሷ ተራ ግንቦት ማርያም ላይ ዋለ።

ድግስ ያለ ጠላ አይሆንም፣ ጠላም ያለ ውሃ አይሆንም። ስለዚህ አሰበችበት። የፈረቃውን ቀን ከቀበሌው ሰዎች ጠየቀች፣ ከጎረቤቷ ከይመኙሽ ጋር ተማከረች፣ ጥንስሱን የምትጥልበትንና ድፍድፉን የምትደፈድፍበትን ቀን ውሃው ይመጣል ከተባለበት ቀን ጋር አስማማች። ጌሾው ተወቀጠ፣ ብቅሉ ገባ፣ እንኩሮው ተነኮረ፣ በርሜሉ ተከደነ። ፈረቃው በቀኑ ከመጣ ድፍድፉ ውሃውን ጠጥቶ፣ ለማርያም ደርሶ፣ ለባለቤቱ ኩራት ይሆናል። ይህ እንግዲህ ትልቁ ስህተቷ ነበር። በፈረቃ ላይ ጠላ የሚጠነስስ ሰው በጎንደር ካልሆነ በየት ይገኛል?

ቀኑ ደረሰ፣ ቧንቧው ነፋ። በማግስቱም ነፋ። ድፍድፉ በበርሜሉ ውስጥ ሆኖ መጉረምረም ጀመረ። ከዚህ በላይ ከቆየ ይመጥጣል፤ የመጠጠ ጠላ ደግሞ ለአባ ወልደኢየሱስ፣ ለማኅበሩ ንስሐ አባት፣ አይቀርብም። በአህያ ውሃ የሚያመላልሱት ሰዎች ዘንድ ሄደች። ግንበኞች ቀድመዋት አህዮቹን ሁሉ ተከራይተዋል። ከወንዝ እንዳትቀዳ፣ ወንዙን ያየ ሰው ከሱ ይቀዳል? የሰፈሩ ፍሳሽ ሁሉ የሚወርደው እዚያ ነው። ማታ ዳኛው ከሥራ ሲገባ በርሜሉ አጠገብ ቁጭ ብላ አገኛት።

"ይመጣል" አላት።

"ዳኛው፣ ያችን ቃል ዛሬ ባትናገራት ምን አለበት!"

"ታዲያ ምን ልበልሽ?"

"ምንም። ዝም በል። ቧንቧውም ዝም ብሏል።"

አሁን የትነበርሽ የት እንደምትሠራ ልንገራችሁ፤ ነገሩን የሚያከረው ይኸው ነውና። የምትሠራው አንድ ትልቅ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። ሥራዋ የእንግዳ አንሶላና ፎጣ ማጠብ ነው። ማሽን አለ፤ ግን ደህና ደህናው አንሶላ በእጅ ካልተለቀለቀ ንጣቱ አይወጣም ስለሚባል ጠዋት ጠዋት እስከ ክርኗ ውሃ ውስጥ ናት። ሆቴሉ ውሃ አጥቶ አያውቅም። ጠዋት ጠዋት ሰማያዊ ቦቴ መኪና በጓሮ በር ይገባና ወፍራሙን ጎማ ዘርግቶ የመሬት ውስጡን ገንዳ ይሞላል። ሾፌሩ ባዬ ይባላል፤ በመኪናው በር ላይ የማርያም ሥዕል ለጥፏል። ሁልጊዜ ሲገባ፣ "የትኔ፣ እንዴት አደርሽ፣ ውሃ መጥቷል!" ይላታል። ደግ ሰው ነው። ግን ከዚህ ሰላምታው የተነሳ ልትጠላው የደረሰችበት ቀን አለ።

በዚያው ሳምንት በሆቴሉ አዳራሽ ትልቅ ስብሰባ ነበር። ከአዲስ አበባም ከውጭ አገርም ሰዎች መጥተዋል። በበሩ ላይ "የዓለማችን ታላላቅ ከተሞች ነገ" የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። የትነበርሽ የታጠበ የጠረጴዛ ልብስ ይዛ ስትገባ በግድግዳው ላይ አንድ ከተማ ይታያል፤ ሕንጻው ደመና ይነካል፣ ባቡሩ በመሬት ውስጥ ይሄዳል። ተናጋሪው ወጣት ነው፣ ድምፁ ትሁት ነው። በነገዎቹ ከተሞች ቧንቧው ራሱ ሲሰበር የተሰበረበትን ቦታ በስልክ እንደሚናገር አስረዳ። የትነበርሽ ጨርቁን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆማ ሰማችው። ሰውዬው ሲናገር ያምራል፤ የሚለውም ነገር እንዲሆን ከልቧ ፈለገች። የእሷ ቧንቧ ሊደውል ቢችል ምን እንደሚል አሰበችና ከንፈሯን ነከሰች።

ስብሰባው ለሻይ ሲወጣ በየጠረጴዛው የቀረውን አየች። በየሰው ፊት የታሸገ ውሃ ነበረ። አንዱ ግማሹን ጠጥቶ ትቶታል፣ አንዱ አንድ ጊዜ ተጎንጭቶ ትቶታል፣ አንዱ ከፍቶ ረስቶታል። ለማፍሰስ ነው የሚሰበሰበው። የትነበርሽ ፈራ ተባ ብላ ወደ አንድ ባልዲ ትገለብጠው ጀመር፤ ለጠላ ባይሆን ለዕቃ ማጠቢያ ይሆነኛል አለች። ይህንን የክፍሏ ኃላፊ ሶሊያና አየችባት።

"የትኔ፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

"ሊደፋ ነው ብዬ።"

"ከግቢ ውሃ ማውጣት ክልክል እንደሆነ ታውቂያለሽ።"

"ሶሊያናዬ፣ ከገንዳው አይደለም እኮ፤ የሰው ትራፊ ነው። ሰሞኑን ማርያምን እደግሳለሁ፣ ድፍድፌ ሊበላሽብኝ ነው። እስቲ ከገንዳው አምስት ጀሪካን ብቻ ፍቀጂልኝ፤ ደመወዜ ላይ ቁረጪው።"

ሶሊያና ልቧ ሳይራራ አልቀረም። ግን ለአንዷ ከፈቀደች ነገ ሠራተኛው ሁሉ ጀሪካን ይዞ እንደሚመጣ፣ የሁሉም ቤት ደረቅ እንደሆነ፣ ባለቤቱ ደግሞ ይህን ቢሰማ እሷንም እንደማይምራት ነገረቻት። የትነበርሽ ባልዲውን አስቀመጠች።  ባዶ እጇን ወደ አንሶላዋ ተመለሰች።

አንሶላውን እየጨመቀች ሳለ ጽድ ውሃ ትዝ አላት። አገሯ ከሄደች ቆይታለች፤ ምንጩንማ እናቷ ካረፈች ወዲህ አላየችውም። አንድ ቀን ዕረፍት አላት። ሄዳ ቀድታ በሚኒባስ ጭና ብትመለስ ምን ይከለክላታል? ያን ዳገት የሸሸች ሴት በፈቃዷ ልትመለስበት ነው። ለዳኛው ስትነግረው፣ ቃሉን ሊናገራት ከንፈሩን ከፈተና ፊቷን አይቶ ዘጋው።

በዕረፍት ቀኗ ባዶ ጀሪካኖቿን በገመድ አስራ በደባርቅ መንገድ ሄደች። ረዳቱ፣ "እማማ፣ ውሃ ከኮሶዬ ወደ ጎንደር? ዓለም ተገለበጠች እንዴ?" ብሎ ተሳፋሪውን አሳቀበት። እሷም ሳቀች፤ ምን ታድርግ። ኮሶዬ ስትወርድ ብርዱ ተቀበላት፤ ከምግብ ቤቶቹ ጀርባ ያለውን አቀበት ወጣች። ድሮ የእግር መንገድ የነበረው አሁን መኪና የሚያስኬድ ጠጠር መንገድ ሆኗል። ሰዎቹ ቀናቸው፣ እሰይ አለች። በመንገዱ ዳር ትልልቅ ሰማያዊ ቱቦዎች ተከምረዋል፤ በቱቦዎቹ ውስጥ ሣር በቅሏል። ዘወር ስትል ጽዶቹ ታዩ፣ ከጽዶቹ ሥር ደግሞ የሲሚንቶ ቤት፣ የሽቦ አጥር፣ የብረት በር ታየ። በሩ ላይ ጎማውን ዘርግቶ የቆመ ሰማያዊ ቦቴ ነበር።

መኪናውን ከሩቅ ስታየው የምታውቀው መሰላት። ቀርባ በመኪናው በር ላይ የተለጠፈውን የማርያም ሥዕል አየች።

"የትኔ!" አለ ባዬ ከመኪናው ጥላ እየተነሳ፤ "እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

"አንተ ምን ትሠራለህ? እኔማ አገሬ ነው።"

"ውሃ እቀዳለሁ። ለናንተው ሆቴል እኮ ነው። ሁልጊዜም የምቀዳው ከዚህ ነው።"

የትነበርሽ እጆቿን አየች። ጠዋት ጠዋት እስከ ክርኗ የምትነከርበት፣ የማታውቀው ሰው የተኛበትን አንሶላ የምትለቀልቅበት ውሃ ጽድ ውሃ ነው። ቅዝቃዜው እንኳን አላሳወቃትም፤ ገንዳው ውስጥ ከርሞ ይሞቃል። ተናደደች፣ ግን በማን እንደምትናደድ አላወቀችም። ባዬ ሾፌር ነው።

ከአጥሩ ወዲያ ቦኖ አለ። ሴቶች ጀሪካናቸውን ሰልፍ አስይዘው ተቀምጠዋል። ቦኖው የሚከፈተው ቦቴው ሲሞላ ነው። ከሰልፈኞቹ መካከል ታየች የምትባለው የወንድሟ የአዳነ ሚስት ብድግ ብላ መጥታ አቀፈቻት። አዳነ አምባጊዮርጊስ ገበያ እንደሄደ፣ ልጆቹ ደህና እንደሆኑ፣ ላሟ እንደወለደች ነገረቻት። ከዚያ ዓይኗ ጀሪካኖቹ ላይ አረፈ።

"እቴ፣ ይሄ ምነው? ባዶ ጀሪካን ምን ያደርግልሻል?"

"ልቀዳ ነው የመጣሁት፣ ታየች። ማርያምን እደግሳለሁ፣ ቤቴ ውሃ የለም።"

"የለም? ውሃው አይደርስሽም?"

"የትኛው ውሃ?"

ታየች ወደ ሲሚንቶው ቤት ጠቆመች፤ ቀስ ብላም የሆነውን ነገረቻት። ምንጩን ለከተማው ለመውሰድ የፕሮጀክት ሰዎች መጥተው አገሬውን ሰበሰቡት። አገሬው አልፈቀደም። በተለይ አያ ሙሉሰው የተባሉት ጎረቤታቸው፣ ምንጩ ከተያዘ ከብቱም ሰውም ያልቃል ብለው ተነሱ፤ ሰውም ወደ እሳቸው አዘነበለ። ያን ጊዜ አዳነ ተነስቶ ቆመ። "እህቴ ጎንደር ናት" አለ። "ይህን ምንጭ ስትሸከም ነው ያደገችው። ዛሬ ከተማ ላይ በውሃ ጥም ትቸገራለች። ለእህቴ ውሃ አልከለክልም። እናንተስ ጎንደር ሰው የላችሁም?" ሰው ሁሉ ጎንደር አንድ ሰው አለው። ሰሙትና ፈቀዱ። ቱቦው መጥቶ መንገድ ዳር ተከመረ፣ ከዚያ ወዲያ ግን የሚቀብረው ጠፋ። ቱቦው እስኪቀበር ለጊዜው ለከተማው ሰው ያድርሱ ተብሎ ምንጩ ለቦቴዎች ተከፈተ። ለጊዜው የተባለው ይኸው እስከ ዛሬ አለ።

"አያ ሙሉሰው ካንቺ ወንድም ጋር ሰላምታ የላቸውም" አለች ታየች። "በቤተ ክርስቲያን እንኳን ፊት ለፊት አይቆሙም። አዳነ ግን፣ 'ግድ የለም፣ እህቴ ጠጥታለች' ይላል። ውሃ ወርጄ ተሰልፌ ስመለስ ብናደድበት የሚነግረኝ ይህንኑ ነው። እባክሽ እቴ፣ እንዳልደረሰሽ አትንገሪው። በዚህ ነው የሚጽናናው።"

የትነበርሽ መሬት ላይ ተቀመጠች። ዳገቱ አጋማሽ ላይ እንስራዋን ሲቀበላት የነበረው ወንድሟ፣ አሁንም ሊያግዛት አስቦ፣ ምንጩን በሙሉ ሰዶላታል። እሷ ጋ ግን አልደረሰም። አልቅሳ አታውቅም አይባልም፤ ያን ቀን ግን ያለቀሰችው ከሐዘን ይልቅ በንዴት ነው።

ቦቴው ሲሞላ ቦኖው ተከፈተ። ታየች ተራዋ ሲደርስ የራሷን ትታ የየትነበርሽን ጀሪካኖች ከቧንቧው ሥር አስቀመጠች። ከኋላ ያሉት ሴቶች አጉረመረሙ። አንዷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ "ጎንደርን በቦቴ አጠጣን፤ አሁን ደግሞ በጀሪካን ይመጡብን?" አለች። ታየች ዞራ ልትቆጣት ስትል የትነበርሽ እጇን ያዘቻት። ሴትዮዋ እውነቷን ነው። አራቱ እንደሞሉ አምስተኛውን ባዶውን አንስታ፣ "ይበቃኛል" አለች። አልበቃትም፤ ግን ከዚያ በላይ መቆም አልቻለችም።

ባዬ ከጎኑ አስቀምጧት ጀሪካኖቹን እግሯ ሥር ጫነላት። መኪናው ከባድ ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው ቁልቁለቱን የሚወርደው። ከኋላዋ ምንጩ ሁሉ ይንገጫገጫል፤ እግሯ ሥር አራት ጀሪካን አለ።  ጎንደር ገብተው ወደ እሷ ሰፈር የሚያስገባው መታጠፊያ ሲቃረብ ዞረችለት።

"ባዬ፣ እዚህ ጋ አቁምና ጎማውን ዘርጋው። ሰፈሩን ልጥራው። ለአንድ ቀን ብቻ።"

"የትኔ፣ ቀልድሽን ነው?"

"አልቀለድኩም። የእኛ ውሃ ነው። ወንድሜ ለእኔ ብሎ የሰጠው ነው።"

"አውቃለሁ፣ እህቴ። ግን ሲገባ በቆጣሪ ነው የሚረከቡኝ። ቢጎድል ከሥራ እወጣለሁ።" መኪናውን ዳር እያስያዘ፣ "ደግሞ አንቺ ብቻ መሰልሽ? እኔም ቤት የለም። ልጆቼ ፊታቸውን በኩባያ ነው የሚታጠቡት። ይህን ሁሉ ውሃ ተሸክሜ በቤቴ በር ነው የማልፈው" አላት።

አቆመላት፣ ጀሪካኖቹን አወረደላት፣ ሄደ። የትነበርሽ ቦቴው መታጠፊያውን እስኪያልፍ ድረስ ቆማ አየችው። በመኪናው ጀርባ ካለ አንድ መክፈቻ ውሃ እየተንጠባጠበ ጥርብ ድንጋዩ ላይ ቀጭን መስመር ይጥል ነበር። ይመኙሽ ከቤቷ ወጥታ ጀሪካኑን ስታግዛት፣ "ከየት አመጣሽው?" አለቻት። "ከሆቴላችን" አለች የትነበርሽ። ውሸት አልነበረም።

ማርያም በሰላም ደረሰች። አራት ጀሪካን ለዚያ ድፍድፍ ትንሽ ነበር፤ ስለዚህ ጠላው ወፍራም፣ ኃይለኛ ሆነ። ማኅበርተኞቹ የውሃ እጥረት መሆኑን ሳያውቁ ሙያዋን አደነቁ። አባ ወልደኢየሱስ ሁለተኛውን ዋንጫ ሲጨርሱ ምስጋናውን ከወትሮው አስረዘሙት፤ ዳኛውም ያለወትሮው ተነስቶ አጨበጨበ። ሴቶቹ እልል አሉ። የትነበርሽ ግን እየተዘዋወረች ስታስተናግድ፣ ሲያመሰግኗት እግዜር ይስጥልኝ ስትል፣ ልቧ ከኮሶዬ በላይ ነበር። ጽዋውን ለይመኙሽ ስታስተላልፍ፣ ይመኙሽ እጇን ከመዘርጋቷ በፊት ግቢው ውስጥ ያለውን ቧንቧ በበሩ በኩል አየችው። ከዚያ ተቀበለች። ሲቀበሉ የሚባለውን ብላ ስትጨርስ በጆሮዋ፣ "ያ ሆቴላችሁ ለእኔም ይሰጠኝ ይሆን?" አለቻት። 

በማግስቱ ጠዋት ሥራ ገባች። ስብሰባው አልቆ እንግዶቹ ስለሄዱ አንሶላው ተራራ አክሏል። ባዬ በጓሮ በር ገባ። ያን ቀን ግን ውሃ መጥቷል አላላትም፤ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም ብሏት ጎማውን ዘረጋ። የትነበርሽ የመጀመሪያውን አንሶላ ነክራ ማሸት ስትጀምር ስልኳ ጮኸ። አዳነ ነበር። ከፍ ያለ ቦታ ፈልጎ፣ ነፋስ ውስጥ ቆሞ፣ ስልክ የማያምን ሰው እንደሚጮኸው እየጮኸ ነው።

"የትነበርሽ! መጥተሽ ሳላገኝሽ ሄድሽ አሉኝ! ምነው ባታድሪ?"

"ሥራ ነበረኝ፣ አያ።"

"ማርያም እንዴት አለፈች? ሸጋ ነበረች?"

"ሸጋ ነበረች።"

"እሰይ። ታየች ነገሩን ሸፋፍና ነው የነገረችኝ። አያ ሙሉሰው ደግሞ ጀሪካን ይዘሽ መጥተሽ ነበር ብለው አገሩን እያስወሩብኝ ነው። አንቺው ንገሪኝ፤ እኔ አንቺን ነው የማምነው። ጽድ ውሃችን ይደርስሻል ወይ?"

የትነበርሽ በግራ እጇ ስልኩን ይዛለች፤ ቀኝ እጇ ማጠቢያው ገንዳ ውስጥ ነው። በአጠገቧ የባዬ ጎማ ያጓራል። ልትነግረው አፏን ከፈተች። ቧንቧዋ ነፋስ ብቻ እንደሚነፋ፣ ቦቴው የሚራገፈው ሆቴል መሆኑን፣ ምንጩን ለማን እንደሰጠው ልትነግረው ፈለገች። ከዚያ እንስራውን ጀርባዋ ላይ ሲመልስላት ሰው እንዳያየው የሚገላመጠው ልጅ ትዝ አላት።

"ይደርሰኛል፣ አያ" አለችው። "አሁን ራሱ እጄ ውስጥ ነው።"

"አላልኩም! አላልኩም!" አለ አዳነ፤ ሲስቅ በስልኩ ውስጥ ተሰማት። "ለአያ ሙሉሰው ዛሬውኑ እነግራቸዋለሁ። በይ ጠጪ፣ እህቴ። ጠጪው።"

ስልኩ ተዘጋ።  የትነበርሽ አንሶላውን አነሳች፣ ጨመቀች፣ በጽድ ውሃ ለቀለቀችው።